በሻምበል ስም

ቅዳሜ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወሰንየለሽ የወጥ ጭልፋ ይዛ በግቢው ውስጥ ውሻ ትከተል ነበር። ጭልፋው በመጥረጊያ ዘንግ ጫፍ በሲባጎ ታስሯል። ውሻው ሻምበል ወደ እንሰቱ ጥግ ሲሄድ ትሄዳለች፣ ሲቆም ትቆማለች፣ ዞሮ ሲያያት እንዳያፍር ብላ ወደ ሰማይ ታያለች። ሰማዩ ላይ ከጉም በቀር የሚታይ አልነበረም፤ ቦንጋ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ገና ማባራቱ ነው። ጎረቤቶቹ በአጥሩ ቀዳዳ ተሰብስበው ይስቃሉ። አንዷማ «መምህር፣ ክፍል ውስጥም ልጆቹን እንዲህ ነው የምትከታተያቸው?» አለቻት። ወሰንየለሽ ሰባተኛ ክፍል ሂሳብ ታስተምራለች። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ ከመጣች አስር ዓመቷ ነው፤ እዚሁ አግብታ እዚሁ ወልዳለች፤ ለዚህ ዓይነቱ ቀልድ ቆዳዋ ደንድኗል። ስቃ አለፈችው። በመጨረሻ ሻምበል የኋላ እግሩን አነሳ፤ ጭልፋውን ከስር ሰደደችለት፤ ጎረቤቶቹ አጨበጨቡ።

በረንዳው ላይ የተቀመጡት አማቷ እትዬ ዙፋን ግን አልሳቁም። «ነገ ሽማግሌ በሚገባበት ቤት የውሻ ሽንት ይቀዳል?» አሉ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ መኝታ ቤቱ መስኮት አዙረው ለልጃቸው በአገሬው ቋንቋ በካፊኖኖ አንድ ነገር ጨመሩ። እትዬ ዙፋን ምራታቸው እንድትሰማ የማይፈልጉትን ሁሉ በካፊኖኖ ነው የሚናገሩት። ወሰንየለሽ ቋንቋውን መስማት ከጀመረች ስድስት ዓመት አልፏታል፤ የጠየቃት ስለሌለ ለማንም አልተናገረችም። ያሉት «ይሄ የከብት ሐኪም ቤታችንን ሳያፈርስ አይተኛም» ነበር።

የከብት ሐኪሙ ሰብሃት ይባላል። ገበያው ጫፍ የእንስሳት መድኃኒት መደብር አለው፤ በዚያ ላይ ሁለተኛ ዲግሪውን የሚጨርስበት ጥናት አለበት። ጥናቱ በዘር ስለሚተላለፍ የውሾች የኩላሊት በሽታ ነው፤ ውሾቹም ሌላ ሳይሆኑ የዚህ ቤት ዘሮች ናቸው። የወሰንየለሽ ባል አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና አቶ ወርቅአፈራሁ፣ ከሃያ ዓመት በፊት ከአንድ የቡና እርሻ ሥራ አስኪያጅ ትልቅ የፈረንጅ ውሻ በስጦታ አግኝተው ነበር። ከዚያ ውሻ የተወለደ ከርከሮ አይፈራም፣ ዝንጀሮ አያሳልፍም ተባለ። ከዋጫም ከቢታ ገነትም በቆሎውን ከአውሬ የሚጠብቅ ገበሬ ሁሉ እየመጣ ቡችላ ይለምናቸው ጀመር። አይሸጡም፤ አንድ ሳህን ማር ተቀብለው፣ መርቀው ይሰጣሉ። አንድ ነገር ብቻ ያስምላሉ፤ ዘሩ ከመንደር ውሻ እንዳይደባለቅ። ሴቷ ስትደርስ ከዚሁ ዘር ወንድ ይመጣላታል፤ ወንድሟም ይሁን፣ አባቷም ይሁን። የሚገርመው እኚሁ ሰው በቦንጋ ሰርግ በታሰበ ቁጥር የሚጠሩ ዘር ቆጣሪ ነበሩ። ሰባት ቤት ሲቆጥሩ አምስተኛው ላይ ዝምድና ካገኙ፣ የተዋደዱትን ልጆች ሳይራሩ ይለያዩ ነበር። ለሰው ሰባት ቤት ቆጥረው ለውሻ አንድ ቤት እንኳ ሳይቆጥሩ ሞቱ። አሁን ውሾቹ በአራትና በአምስት ዓመታቸው ያብጣሉ፤ ውሃ እየጠጡ ውሃ እየሸኑ ይሞታሉ። ሰብሃትም ያለፈውን ሳምንት የባለቤቶቹን ቤት ሁሉ ዞሮ «የቅዳሜን የመጀመሪያ ሽንት በንጹህ ጠርሙስ አምጡልኝ፣ በነጻ እመረምራለሁ» ብሏል።

ክፋቱ ታማሚዎቹ ውሾች ብቻ አለመሆናቸው ነው። አቶ ወርቅአፈራሁ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ፊትና እግራቸው አብጦ ሞቱ፤ ብርድ ነው ተባለ። የመጀመሪያ ልጃቸው ጣሰው ሠላሳ ስምንት ሳይሞላው በዚያው መንገድ ሄደ፤ አብልተውት ነው ተባለ። ሰፈሩ ውስጥ ሰዎቹን የነካቸው ከውሾቹ ነው የሚል አለ፤ የለም፣ ውሾቹን የነካቸው ከሰዎቹ ነው የሚልም አለ። በቤቱ ውስጥ ግን ኩላሊት የሚባል ቃል አይነሳም፤ ስጋ ሲገዛ እንኳ ኩላሊቱ እዚያው ሥጋ ቤቱ ይቀራል። አሁን ተራው የሁለተኛው ልጅ የፍቃዱ፣ የወሰንየለሽ ባል ይመስላል። አርባ ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶታል። ሌሊት ሦስቴ አራቴ ይነሳል። ሽንት ቤቱ ከግቢው ጥግ ስለሆነና ዝናቡ ስለማያስወጣ በፖፖ ይጠቀማል፤ ፖፖውን የምትደፋው እሷ ናት። ከፋሲካ ወዲህ አረፋ አየች፤ ቆማ ብትጠብቀውም የማይጠፋ፣ የሳሙና ዓይነት አረፋ። ማታ ካልሲውን ሲያወልቅ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የካልሲው ጎማ ጠልቆ የገባበት መስመር ይታያል። «ሐኪም ቤት እንታይ» ብትለው «ልትቀብሪኝ ቸኮልሽ?» አላት። ደግማ ስትለው ሁለት ቀን አኮረፋት።

ሁሉንም ነገር አስሮ የያዘው ደግሞ የማርቲ ሰርግ ነው። ማርቲ የፍቃዱ ታናሽ እህት ናት፤ ሰርጓ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የሙሽራው ሽማግሌዎች ነገ ከቅዳሴ በኋላ መጥተው የመጨረሻውን ቃል ይቀበላሉ። ከመቀበላቸው በፊት ቆመው «በቤታችሁ በደም የሚሄድ ነገር አለ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ የቤቱ ትልቅ ወንድ ቆሞ ይመልሳል። የሚመልሰው ፍቃዱ ነው። የሙሽራው እህት ደግሞ የምትሠራው ሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ነው። ወሰንየለሽ ሆስፒታል ብትሄድ ጠርሙሱን የምትቀበላት እሷ ናት፤ ፋርማሲ ገብታ የሽንት መመርመሪያ ብትጠይቅ ወሬው ቀድሟት ቤት ይገባል። እሷ የምትፈልገው ማወቅ ብቻ ነው። ለባሏ ብላ ብቻም አይደለም። ልጃቸው ሩሀማ ስምንት ዓመቷ ነው፤ መልኳ ቁርጥ አባቷን ነው፤ እስከ ዘንድሮ ይሄ ወሰንየለሽን ደስ ያሰኛት ነበር።

ስለዚህ ጎረቤቶቹ ሲበተኑ ሽንት ቤት ገብታ የሻምበልን ሽንት ደፋች። የሳል ሽሮፕ የነበረውን ጠርሙስ ከፖፖው ሞላች፤ ክዳኑን አጠበቀች። ፕላስተር ለጥፋ «ሻምበል፣ የፍቃዱ ወርቅአፈራሁ» ብላ ጻፈችበት። ግማሹ እውነት ነው ብላ ራሷን አጽናናች።

ሳሎኑ ትናንት ቀለም ተቀብቶ ይሸታል። ሁለት ጋሎን ነጭ፣ አንድ ጋሎን ክሬም፣ ከቀቢው ጋር አስራ አንድ ሺህ ብር ፈጅቷል፤ የአቶ ወርቅአፈራሁ ፎቶ ገና ተመልሶ ስላልተሰቀለ ግድግዳው ራቁቱን ቆሟል። ፍቃዱ ሦስተኛ ብርጭቆ ውሃውን እየጠጣ ነበር። እናቱ አጠገቡ ዳቦ ይቆርሳሉ። ፍቃዱ ማዘጋጃ ቤት ቀያሽ ስለሆነ መሬት መለካት እንጂ ብዙ ማውራት አይወድም። ጠርሙሱን በእጇ ሲያይ ፈገግ አለ። «ለሻምበል ደህና ነገር ይዘሽለት ነይ» አላት። ጠርሙሱ አሁንም ሙቀት ነበረው፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ባጃጅ እስክታገኝ ድረስ በክንዷ አጥብቃ ያዘችው።

የሰብሃት መደብር በር ላይ ገበሬዎች ተሰልፈዋል። አንዱ በካቲካላ ጠርሙስ ይዟል፣ አንዱ በሕፃን ጡጦ፣ አንዱ ደግሞ ከዋጫ ድረስ በፌስታል ቋጥሮ አምጥቶ መንገድ ላይ ፈሶበት ከሰብሃት ጋር ይከራከራል። ውስጡ የመዥገር መድኃኒት ይሸታል። ወሰንየለሽ ተራዋ እስኪደርስ መደርደሪያውን ስትቆጥር ቆየች። ሰብሃት ጓንቱን ቀይሮ ጠርሙሷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳ፤ ነቀነቀው፤ አረፋው ተነሳና እንደተነሳ ቀረ። ባለብዙ ቀለም ቀጭን ወረቀት ነክሮ አወጣና በስልኩ ስልሳ ሰከንድ ቆጠረ። እሷም በልቧ ቆጠረች። ሠላሳ ሳይሞላ ቢጫው ቁራጭ አረንጓዴ ሆነ፤ ከዚያ ወደ ሰማያዊ ሄደ። ከወረቀቶቹ ዕቃ ጀርባ ካለው የቀለም ሰንጠረዥ ጋር ሲያስተያየው እሷም በትከሻው በኩል አየች። ሰንጠረዥ ማንበብ ሥራዋ ነው፤ የመጨረሻው፣ ከሁሉ የከፋው ሳጥን ነበር።

«ውሃ ያበዛል?» አለ ሰብሃት ወደ መዝገቡ እያጎነበሰ።

«ያበዛል። ሌሊት አልጋው አጠገብ አንድ ጆግ...» አለችና ደነገጠች። «ማለቴ ማደሪያው አጠገብ።»

«ውሻ በጆግ?» ብሎ ሳቀ፤ ጻፈ። «ልጆች አሉት?»

«አንድ። ሴት ናት።»

«ዕድሜዋ?»

«ስምንት።»

እሱ ራሱ «ወር» ብሎ ጨመረበት። ቀና ብሎ ሲያያት ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፍቷል። «መምህር፣ አልዋሽዎትም፤ ይሄ መጥፎ ነው። ፕሮቲኑ ጣሪያ ነክቷል፤ ደምም አለበት። ኩላሊት እንደ ወንፊት ነው፤ የሱ ተቀዷል። ለልጅቷ ደግሞ ሳንቲም እንደመወርወር ነው። ወይ ወስዳለች፣ ወይ አልወሰደችም፤ እሷንም ማየት አለብኝ።»

ወሰንየለሽ የመደርደሪያውን ጠርዝ ያዘች። «ሰው ቢሆንስ?» አለች፤ ድምፅዋ እንደ ዋዛ እንዲሆን ሞክራ።

«ሰው ቢሆን ሌላ ነው። ክኒን አለው፤ ቶሎ ከታወቀ አስርም አስራ አምስትም ዓመት ያዘገየዋል፣ በተለይ ልጅ ሲሆን። ለውሻ ግን ማን በየቀኑ ክኒን ይገዛል?» አለና ስልኩን አነሳ። የጥናቱ ደንብ ነው፤ የማንኛውም ውሻ ውጤት በዚያው ቀን ለባለቤቱ ለራሱ ይነገራል። «እኔ እነግረዋለሁ» ስትል ፍቃዱ ማዶ «አቤት» ብሏል። ሁለቱ አብረው ስለተማሩ ይቀላለዳሉ። ሰብሃት ግን አልቀለደም፤ «ሻምበል ታሟል፤ ኩላሊት ነው» አለው። ማዶ ያለው ሰው ስልኩን ዘጋ።

ከዚያ ወጥታ ገበያ ገባች፤ ለሽማግሌዎቹ ማር እንድትገዛ ታዝዛ ነበርና። ነጩ ማር ኪሎው ስድስት መቶ ሃምሳ ገብቷል። ሻጯ በእንጨት ጫፍ አስነክታ አቀመሰቻት፤ ወሰንየለሽ ጣዕሙን ሳትለይ ሦስት ኪሎ አለች። ጭቃውን እየረገጠች ስትመለስ ሳንቲሙ ከአእምሮዋ አልወጣ አለ። ለሰባተኛ ክፍል ዕድልን የምታስተምረው በሳንቲም ነው፤ ልጆቹ ሳንቲም ሲወረወር ይወዳሉ፤ አንበሳ ሲወጣ ይጮሃሉ። ማታ ሁሉም ሲተኛ ለፍቃዱ እነግረዋለሁ ብላ ወሰነች። ይቆጣ፤ ያኩርፍ፤ ከፈለገ ይምታ። ለዘጠኝ ዓመት ባል ሆኖ አንድ ቀን አልመታትም፤ ግን ለዚህ ቢመታትም ይቅር ትለዋለች።

ቤት ስትደርስ ነገሩ ያለሷ ተወስኗል። ፍቃዱ ግቢው መሃል ዱካ ላይ ተቀምጦ የሻምበልን ራስ ጉልበቱ ላይ አስደግፏል፤ ጆሮውን ያሻሸዋል። እትዬ ዙፋን በካፊኖኖ «ዛሬውኑ ይቀበር» ይላሉ። «ነገ ሽማግሌዎቹ የኩላሊት በሽተኛ ውሻ እዚህ ቤት ካዩ አባትህን ያስታውሳሉ። ከአባትህ ወንድምህን ያስታውሳሉ። ከወንድምህ...» አሉና እዚያ ላይ ቆሙ። ፍቃዱም «ለሰብሃት ደውዬለታለሁ፤ መርፌውን ይዞ እየመጣ ነው» አላቸው። ወሰንየለሽ ማሩን እንደያዘች «ፍቃዱ፣ እስቲ አንዴ ግባ» አለችው። «ይሄን ልጨርስ» አላት፤ ፊቱን አላነሳም። ማሩን በረንዳው ላይ አስቀመጠች። ሰብሃት የተማረ ሰው ነው፣ እምቢ ይላል ብላ ተስፋ አደረገች። ሩሀማ እንዳታይ ከአክስቷ ከማርቲ ጋር ክፍል ውስጥ ለሰርጉ የተሰፋላትን ቀሚስ እንድትለካ ተደርጋለች፤ ሳቋ እስከ ውጭ ይሰማል።

ሰብሃት በአስር ሰዓት መጣ። እንደጠበቀችው እምቢ አለ። «ገና ሳያብጥ? የማይበትን ማሽን ከጅማ እስከ ማክሰኞ አመጣለሁ፤ በማሽን ሳላየው አልነካውም። ለጊዜው እሰሩት፤ ዝም ብሎ እንዳይራባ ብቻ።» ፍቃዱ ግን ተነስቶ ቆመ፤ ወሰንየለሽ በትዳሯ ሰምታው በማታውቀው ድምፅ ተናገረ።

«አባቴን ዘጠኝ ወር አስታምሜያለሁ። ጣሰውን አንድ ዓመት ከሦስት ወር። እግሩን በጣቴ ስጫነው ጣቴ ገብቶ ይቀር ነበር። ሦስተኛ አላይም። ውሻው የኔ ነው፤ ዛሬ ይለቅ።»

ሰብሃት ብዙ ተከራከረ። በመጨረሻ የባለቤቱ መብት ነው ብሎ፣ ደስ ሳይለው ቦርሳውን ከፈተ። ፍቃዱ ተንበርክኮ ሻምበልን አቀፈ። ውሻው ጨዋታ መስሎት ጅራቱን ይወዘውዛል፤ አፉ በፋሻ ሲታሰር እንኳ አልተቃወመም። ሰብሃት የፊት እግሩን በምላጭ ላጭቶ በጥጥ ጠረገ። ፍቃዱ አንገቱን ውሻው ላይ ደፍቶ «አይዞህ፣ ምንም አይሰማህም፤ ሳታውቀው ነው» ይለዋል። ሱሪው ሽቅብ ተሰብስቦ እግሩ ይታያል፤ ካልሲው ቆዳው ውስጥ ጠልቋል። ወሰንየለሽ ለማን እንደሚያወራ ገባት።

«ተው!» አለች። «ዶክተር፣ ይተዉት። ሽንቱ የሱ አይደለም።»

ሰብሃት መርፌውን እንደያዘ ቀረ። «በጭልፋ ስትቀጂ አይቻለሁ» አሉ እትዬ ዙፋን፣ በአማርኛ።

«የሱን ደፋሁት። ያመጣሁት የፍቃዱን ነው።»

ማርቲ በር ላይ ወጥታ ቆማለች፤ መርፌ የተሰካበት የቀሚስ ጫፍ በእጇ አለ። ወሰንየለሽ የጠበቀችው ቁጣ አልመጣም። ፍቃዱ ውሻውን ሳይለቅ፣ ቀና ሳይል «አውቃለሁ» አለ። «ሽንቱን አላልኩም። የኔን ሕመም ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ጅማ ለሥልጠና ሄጄ ታየሁ።»

«ሁለት ዓመት?» አለች። ከድንጋጤዋ ቁጣዋ በለጠ። «ሁለት ዓመት አጠገቤ ተኝተህ?»

«ብነግርሽ ሩሀማን በምን ዓይን ታያታለሽ ብዬ ነው። እኔ እንደማያት እንዳታያት።»

ሰብሃት ቀስ ብሎ መርፌውን ክዳኑ ውስጥ መለሰ፤ የሻምበልን አፍ ፈታ፤ ውሻው አስነጥሶ ወደ እንሰቱ ሮጠ። ሰብሃት የሆነ ነገር ሲያስብ ቆይቶ ፊቱ ተለዋወጠ። «መምህር፣ ጠዋት ስምንት ያሉኝ...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ሩሀማ ከማርቲ ጀርባ ብቅ ብላ ነበር፤ በነጭ ቀሚስ፣ አንድ እግሯ ላይ ብቻ ጫማ አድርጋ።

እትዬ ዙፋን ልጅቷን አዩ። «አንተ ልጅ» አሉት ሰብሃትን። «ቅድም ለወሰንየለሽ፣ ሰው ቢሆን ክኒን አለው ብለሃታል አሉ?»

«ማን ነገረዎት?» አለ ግራ ገብቶት። «ከኋላዋ የተሰለፈ ገበሬ ሰምቶ ለጎረቤት አውርቷል» አሉ።

ወሰንየለሽ «እኔ ነኝ የጠየቅሁት» አለች። «ልንገርዎት እማማ፤ አለው ብሎኛል።»

«አለው» አለ ሰብሃት። «አያድንም፣ ያዘገየዋል። ቶሎ ከታወቀ ብዙ ዓመት ያዘገየዋል። ግን እኔ የከብት ሐኪም ነኝ እትዬ ዙፋን፤ ለሰው ሆስፒታል ነው።»

«ለልጅም?»

«ለልጅማ ይበልጥ።»

አሮጊቷ ቀጠሉ። «ለጣሰው ያዘገየው ነበር?»

ሰብሃት መሬት መሬት ያይ ጀመር። ፍቃዱም ወሰንየለሽም አላገዙትም። «እትዬ ዙፋን፣ አሁን ይሄን...» አለ ሰብሃት።

«ጠየቅኩህ እኮ።»

«ያዘገየው ነበር» አለ።

እትዬ ዙፋን ከበረንዳው ተነሱ። ለሁለት ቀብር ያልተንቀሳቀሰ ፊታቸው አሁንም አልተንቀሳቀሰም። በማርቲ ፊት ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ነገ የሚመጡት ሽማግሌዎች የማርቲ ናቸውና አንድ ነገር ሊሏት የፈለጉ መሰሉ። ማርቲ የያዘችውን የቀሚስ ጫፍ ለቀቀችው፤ አንገቷን ደፍታ ከበሩ ገለል አለችላቸው። እትዬ ዙፋን የሰብሃት ቦርሳ ውስጥ እጃቸውን ሰደው ባዶ ጠርሙስ ራሳቸው መዝዘው አወጡ፤ የልጅቷን እጅ ያዙና በጓሮ በኩል ወሰዷት። ማንም አልከለከላቸውም። ፍቃዱ ጭቃው ላይ እንደተንበረከከ ቀርቷል። ወሰንየለሽ አጠገቡ ሄዳ ቆመች፤ እጁን ፈልጎ ያዛት፤ እጁ በረዶ ሆኗል። ሰብሃት ከዕቃው ውስጥ አንድ የመመርመሪያ ወረቀት አውጥቶ በሁለት ጣቱ ይዞ ይጠብቃል።

ከጓሮ የሩሀማ ሳቅ መጣ። «አያቴ፣ አልመጣም እኮ!»

«ይመጣል» አሉ እትዬ ዙፋን። «እንጠብቃለን።»